የምንጩ ደንብ የት ይደር?

ተረት ተረት።

በአንድ ሸለቆ የሚኖሩ አራዊት አንዲት ምንጭ ነበረቻቸው። ምንጯ በበጋ ትቀጥናለች፤ ስትቀጥን ጠብ ይነሣል፤ ጠብ ሲነሣ የሚጎዳው ሁልጊዜ ቀንዱ አጭር፣ እግሩ ቀጭን የሆነው ነው። ይህ ሲመርራቸው እመት ጦጢት መላ አመጣች። ከሰው መንደር ዳር ተጥሎ ያገኘችውን አሮጌ ላፕቶፕ ጠገነች፣ ከሶላር ጋር አያያዘችና የሸለቆው ሰርቨር አደረገችው። ማሽኑ ከጃንሆይ አንበሳ ዋሻ ተቀመጠ። የምንጩን በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ሆነ። ካሜራው የመጣውን ይለያል፤ ተራው ከሆነ በሩ ይከፈታል፣ ካልሆነ አይከፈትም።

የተራው ደንብ በአንድ ቀን የተጻፈ አልነበረም። ግልገል የያዘች እናት ከሁሉ በፊት፣ ሚዳቋ ጎህ ሲቀድ፣ ጋሽ ዝሆን ውኃው ከተጠራቀመ በኋላ ከሰዓት፣ አያ ጅቦ ፀሐይ ከገባች ብቻውን፣ ያውም ካሜራው እያየው። ይህን ለመስማማት አራዊቱ በሸንጎ እየተጣሉ እየታረቁ ሦስት ክረምት ፈጅተዋል። ሦስት ክረምት የፈጀው ነገር ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ግን ጥቂት መቶ መስመር ጽሑፍ ሆነ። በስልክ የተነሣች አንዲት ፎቶ ከእሱ የበለጠ ቦታ ትይዛለች። እመት ጦጢት “ኮንፊግ” ትለዋለች፤ ሌሎቹ ግን “ደንቡ” ይሉታል።

አንድ ሌሊት መብረቅ ወደቀና ማሽኑን ገደለው።

ማሽኑ ራሱ ብዙም አላሳሰበም። በማግሥቱ ሌላ የተጣለ ላፕቶፕ ተገኘ። ሊኑክሱም፣ በሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራምም ከኢንተርኔት በነፃ ወረደ። እስከ ማታ ሁሉም በቦታው ገባ። የቀረው ደንቡ ብቻ ነበር። በሩን የሚከፍት አለ፤ ለማን እንደሚከፍት የሚያውቅ ግን የለም።

“በሉ፣ የምታስታውሱትን ንገሩኝና ልጻፈው” አለች እመት ጦጢት።

ጋሽ ዝሆን ጉሮሮውን ጠረገ። “እኔ እንደማስታውሰው መጀመሪያ የምጠጣው እኔ ነበርኩ።”

ጃንሆይ አንበሳም “የንጉሥ ተራ የሚባል ነገር መቼ ነበረ? ንጉሥ በፈለገው ሰዓት ይጠጣል” አሉ።

አያ ጅቦ መሬት መሬት እያየ፣ “ካሜራ የሚባል ነገር እኔ ትዝ አይለኝም” አለ።

ሚዳቋ ደንቡን ከነመስመሩ ታስታውሰዋለች። ተናገረችም። ድምጿ ግን ቀጭን ነውና የሰማት የለም። ነገሩ እስኪጣራ ዝሆን በሩን በግንባሩ ገፍቶ ጠጣ፣ አንበሳ አጥሩን ዘልሎ ጠጣ፣ ጅብም በጨለማ ሾልኮ ጠጣ። በዚያ በጋ በውኃ ጥም የተጎዱት፣ ደንቡ የተጻፈላቸው ደካሞች ብቻ ነበሩ። ብርቱ ደንብ ቢጠፋበት ምን ቸገረው፤ ትዝታው ራሱ ደንብ ይሆንለታል።

እመት ጦጢት ተለማምጣ፣ ሽማግሌ ልካ፣ ግማሹን ከሚዳቋ ቃል ግማሹን ከዝሆን ቁጣ አስታርቃ ደንቡን እንደገና ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ሸንጎ በዋርካው ሥር ተጠራ። የቀረበውም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳይጠፋ የደንቡ ቅጂ የት ይደር?

መጀመሪያ የተነሡት እማማ ኤሊ ናቸው። “እኔ ቤቴን በጀርባዬ ተሸክሜ ነው የምሄደው፤ እስከ ዛሬ ምን ጎደለብኝ? ቅጂውም እዚያው ማሽኑ ውስጥ፣ ሌላ ፎልደር ተከፍቶለት ይቀመጥ።”

“እማማ፣ እርስዎ ገደል ሲገቡ ቤትዎ አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል?” አለች እመት ጦጢት። “እዚያው ማሽን ላይ ያለ ቅጂ የሚጠቅመው እጄ ስቶ አንድ መስመር ሳበላሽ ነው። ዲስኩ ሲሞት ግን አብሮ ይሞታል።”

ጋሽ ዝሆን ቀጠለ። “ከዋሻው አጠገብ ሰፊ ጎተራ አለኝ። ሌላ ሃርድ ዲስክ ይሰካና እዚያ ይቀመጥ። ከእኔ ጎተራ ማን ደፍሮ ይወስዳል?” ብዙዎች አጨበጨቡ፤ ግማሾቹ ስላመኑበት፣ ግማሾቹ ዝሆን ስላያቸው።

ከሩቅ አገር የምትመላለሰው ሽመላ ግን ክንፏን አነሣች። “በፈረንሳይ አገር፣ በራይን ወንዝ ዳር፣ ስትራስቡርግ የምትባል ከተማ አለች፤ ዘመዶቼ በየጣሪያው ጎጆ የሚሠሩባት። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኦቪኤች የተባለው ድርጅት የሰርቨር ሕንጻ እዚያ ተቃጠለ። ባለ አምስት ፎቁ ሕንጻ ወደመ፣ የጎረቤቱም ከፊሉ ነደደ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ቅጂያቸውን ሌላ ከተማ ያኖሩ ደንበኞች ጥቂት ተንገላተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እዚያው ግቢ ያኖሩት ግን ዋናውም ቅጂውም ባንድ ሌሊት ዐመድ የሆነባቸው አሉ። እሳት ‘ይቺስ ባክአፕ ናት’ ብሎ አያልፍም።”

“የጋሽ ዝሆን ጎተራም ከዋሻው ጋር በአንድ ገመድ ነው መብራት የሚያገኘው” አለ ጃርት ከጥግ ሆኖ። “መብረቁ አንዱን ሲያገኝ ሌላውንም ያገኛል።” ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ደግሞስ አንድ ቀን ጋሽ ዝሆን ቢያኮርፉ?”

ዝሆኑ ጆሮውን አራገበ፤ መልስ ግን አልነበረውም።

በቀቀን ከቅርንጫፍ ወረደ። “እኔ አለሁ አይደል! ማሽኑ ላይ የተጻፈውን በዚያችው ቅጽበት እደግመዋለሁ፤ አንዲት ፊደል አትጎድልም።” ጃርት ሚዳቋን ጠቀሳት። ሚዳቋም ተነሥታ፣ “ደንቡ በሙሉ ይሰረዝ” አለች። “ይሰረዝ! ይሰረዝ!” ብሎ በቀቀን ዋርካውን አናወጠው።

ሸንጎው ሳቀ፤ እመት ጦጢት ግን አልሳቀችም። “ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ወዲያው የሚገለብጥ ነገር ስህተቱንም ወዲያው ይገለብጣል። አያ ጅቦ ማሽኑን ሰብሮ ገብቶ ፋይሉን ቢያበላሸው፣ በቀቀን የተበላሸውን ያስተጋባል። የዛሬውን የሚደግም ብቻ ምን ይረባል? የትናንቱን፣ ያለፈውን ሳምንት፣ ያምናውን ለይቶ የሚያኖር ነው የምፈልገው።”

ዝንጀሮ ደረቱን እየመታ መጣ። “ለምን ትጨነቃላችሁ? ገደሉ ጫፍ ላይ ወጥቼ ለዓለም ልጩኸው! የሰማ ሁሉ ቅጂ ይኖረዋል። ሰዎችም ሥራቸውን ጊትሃብ ላይ ለሁሉ ይለቁት የለም?”

ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው አያ ጅቦ ነበር። “ድንቅ ሐሳብ! በተለይ የበሩ ይለፍ ቃል ረጋ ተብሎ ይነበብ፤ ጆሮዬ ትንሽ ያስቸግረኛል።”

“ደንቡ በአደባባይ ቢነበብ ደስ ይለኛል፤ ደንብ ሊነበብ ነው የሚጻፈው” አለች እመት ጦጢት። “ይለፍ ቃሉ ግን ከደንቡ ተለይቶ ይቀመጥ። አደባባይ ላይ የወጣ ይለፍ ቃል ቢሰረዝ እንኳ ከፋይሉ ታሪክ አይወጣም። እንዲህ ያለውን ቀን ከሌት የሚያነፈንፉ ፕሮግራሞች ደግሞ ሞልተዋል። አንዴ ከተጮኸ ያለው መፍትሔ ይለፍ ቃሉን መቀየር ብቻ ነው።”

ከዚያ ወይዘሮ ቀበሮ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። “እኔ ደመና ላይ አኖርላችኋለሁ። እሳት አይደርስበት፣ ጎርፍ አይነካው። ዋጋውም በወር አንድ ቀፎ ማር ብቻ ነው።”

“ደመናው የማን ነው?” አለ ጃርት።

“የእኔ ነዋ።”

“ማሩ ያለቀብን ለታስ?”

“እንግዲህ... በሩ ይዘጋል።”

“ደንቡንስ ታነቢዋለሽ?”

ወይዘሮ ቀበሮ ፈገግ አለች እንጂ አልመለሰችም።

“አልከፋም” አለ ጃርት ወደ ሸንጎው ዞሮ። “ደመና የሚሉት የሌላ ሰው ማሽን ነው። የሌላ ሰው ማሽን መሆኑ ጥሩ ነው፤ የእኛ እሳት አያገኘውም። ከመላካችን በፊት እዚሁ በቁልፍ ካመሰጠርነው ደግሞ ለሚያስቀምጠው ትርጉም የሌለው ፊደል ይሆንበታል። ወይዘሮ ቀበሮ አንዱን ቅጂ ትያዝ፤ ብቸኛውን ግን አትይዝም።”

ቁራም “ከወንዙ ማዶ ላሉት ጎረቤቶቻችን እኔ አደርሳለሁ” ብሎ ተነሣ። ሸንጎው ሊስማማ ሲል እማማ ኤሊ ተሣሉ። “ልጆች፣ የቁራ መልእክተኛ ሲባል አልሰማችሁም?”

ሽመላ አገዘቻቸው። “እማማ እውነታቸውን ነው። ጊትላብ የሚባል የፕሮግራም ጸሐፊዎች ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ የደከመው ባለሙያ ሌላኛው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘ። ደንግጦ እስኪያስቆመው 300 ጊጋባይት ከሚያህለው የተረፈው 4.5 ገደማ ነበር። ባክአፕ የሚያደርጉባቸው መንገዶች አምስት ነበሩ፤ ሲፈለጉ ግን አንዱም በወጉ የሚሠራ አልተገኘም። ከእነዚህ አንዱ በየዕለቱ እየከሸፈ፣ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም መንገድ ላይ እየቀረ ኖሯል። ያዳናቸው ያው ባለሙያ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። ቁራ መሄዱን እንጂ መድረሱን ማን ነገራችሁ?”

እስካሁን ዝም ብለው የቆዩት አባ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ሰብስበው ተናገሩ። “እኔ የምኖረው በደብር ጥድ ላይ ነው፤ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጽሐፈ ሄኖክ በግሪክም በአራማይክም የተረፈው ቁራጭ ቁራጩ ነው፤ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ነው። ለምን ቢባል፣ ቁም ጸሐፊው በየገዳሙ ብራና እየዳመጠ፣ ቀለም እየበጠበጠ ደጋግሞ ስለገለበጠው ነው። አንዱ ደብር ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ብዙ ብራና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ሰብስበው መቅደላ አከማቹ። እ.ኤ.አ. በ1868 አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር የመረጠውን ጭኖ ሄደ። አንድ ቦታ የተከማቸ ነገር ለወሳጁ ያመቻል።”

ትንሽ አረፉና ቀጠሉ። “እ.ኤ.አ. በ1973 የአገሪቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ከሚባል ቦታ መነኮሳት ዘንድ እንዲቀመጥ ተደረገ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ብራናው አገሩ ላይ፣ ጥላው ደግሞ ሩቅ ወዳጅ ዘንድ ቢሆን ምን ክፋት አለው?”

ጃርት ይህን ሰምቶ መሐል ገባ። “እንግዲህ ቦታ ስትመርጡ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። ዋናውን የሚያጠፋው ይህንንም ያገኘዋል ወይ? እሳቱ፣ ጎርፉ፣ ሌባው፣ የባለሙያዋ ስህተት፣ የጉልበተኛው እጅ። ያገኘዋል ከሆነ መልሱ፣ ገና ቅጂ የላችሁም ማለት ነው።”

“ሰዎችም ሦስት ሁለት አንድ የሚሉት አላቸው” አለች ሽመላ። “ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስለመደው ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።”

በዚህ ተስማሙ። ዋናው ከነታሪኩ ዋሻው ውስጥ ይኖራል። ሁለተኛው ፍላሽ ላይ ሆኖ ከኮረብታው ማዶ በጃርት ጉድጓድ፣ ከማሽኑ ተነቅሎ ይቀመጣል፤ አያ ጅቦ ማሽኑ ውስጥ ቢገባ ያልተሰካ ነገር አይነክስምና። ሦስተኛው ተመስጥሮ ከወንዙ ማዶ ለጎረቤቶች ይላካል፤ እነሱም የራሳቸውን ወደዚህ ይልካሉ። ወይዘሮ ቀበሮም ተመስጥሮ የሚሰጣትን ትይዛለች፤ ማሩ ሲያልቅ ብትዘጋ የሚጎድል የለም።

ሸንጎው ሊበተን ሲል አያ ጅቦ ማር በመሰለ ድምፅ ጠየቀ። “ለመሆኑ የተመሰጠረበት ቁልፍ የት ይኖራል?”

“ይለፍ ቃል ማስቀመጫዬ ውስጥ” አለች እመት ጦጢት።

“ማስቀመጫውስ?”

“ማሽኑ ላይ...” ብላ ቃሉን ሳትጨርስ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ጃርት እሾሁ እስኪንሿሿ ሳቀ። “ሳጥኑን ቆልፈሽ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ! ማሽኑ ሲሞት ቅጂውም ይመጣል፣ ጎረቤትም ይተባበራል፣ ሳጥኑ ግን አይከፈትም።” እናም ቁልፉ በወረቀት ተጻፈ። አንዱ ለአባ ጉሬዛ፣ አንዱ ለእማማ ኤሊ ተሰጠ። ሁለቱም ቅጂውን አልያዙም፤ ቅጂውን የያዙትም ቁልፉን አልያዙም።

“አንድ ነገር ቀረ” አለ ጃርት። “ደንቡ በተለወጠ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው አብሮ ይመዝገብ።”

ጃንሆይ አንበሳ አጉረመረሙ። ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ማሽኑ የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነውና አንዳንድ ማለዳ “ንጉሥ ሲቀር” የምትል መስመር ደንቡ ውስጥ ተጨምራ ትገኝ ነበር። “የእኔን ቃል የሚጠረጥር አለ?” ሲሉ ዋርካው ሥር ትንፋሽ ጠፋ።

“ጃንሆይ፣ እርስዎን ማን ይጠረጥራል?” አለ ጃርት። “የምንፈራው ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ነው።”

ንጉሡ እንዳይቆጡ ሙገሳ ሆነባቸው፤ እንዳይደሰቱም መረረባቸው። “ይመዝገብ” አሉ።

በዓመቱ እመት ጦጢት ሌላ ጫካ የተሻለ ፍሬ ከፍሏት ሄደች። በዚያው ክረምት ጎርፍ ዋሻውን ሞላው፤ ማሽኑ ሰጠመ። በእሷ እግር የተተካችው ሽኮኮ ልጅ ናት፤ ደንቡ ሲረቀቅ ገና አልተወለደችም። ወደ ጃርት ጉድጓድ ሮጣ ፍላሹን አወጣች፤ እርጥበት በልቶት ኖሮ አልነበብ አለ። ጃርትም “እኔ ዘንድ ያለው ሁለተኛው እንጂ የመጨረሻው አይደለም” ብሎ አሰናበታት። ወንዙን ተሻግራ ከጎረቤቶች የተመሰጠረውን አመጣች፤ ከአባ ጉሬዛ ቁልፉን ተቀበለች። ከቁልፉ ጋር እመት ጦጢት በእጇ የጻፈችው ወረቀት ነበር፤ መጀመሪያ ምን ይጫናል፣ ቀጥሎ የቱ ፋይል የት ይገባል የሚል። እመት ጦጢት ከመሄዷ በፊት ሽኮኮን አስቀምጣ፣ ባዶ ማሽን ሰጥታ፣ ምንም ሳትነግራት ያንን ወረቀት ብቻ እያነበበች ደንቡን እንድትመልስ አድርጋ ነበር። በልምምዱ ዕለት ከወረቀቱ ሁለት መስመር መጉደሉ ታወቀና ተጨመረ። ስለዚህ በጎርፉ ጊዜ ሽኮኮ የሠራችው የምታውቀውን ነው።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ዝሆን በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። “እኔ እንደማስታውሰው...” ብሎ ሲጀምር ሽኮኮ ከመዝገቡ አነበበችለት። “የዝሆን ተራ ከሰዓት በኋላ። በሸንጎ የተስማሙት ራሳቸው ጋሽ ዝሆን። ምክንያት፣ ምንጩ እስኪያጠራቅም።” ዝሆኑ ተሣለ፤ ወደ ኋላም አፈገፈገ። በሩ ለሚዳቋ ተከፈተ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ደንቡ የተጻፈበት አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ባለቤቱ ቅጂውን የያዘው ነው፤ ቅጂው ከጠፋ ደግሞ ባለቤቱ ጉልበት ያለው ነው። ይህ ለቤታችሁ ሰርቨርና ለራውተሩ ቅንብር እንደሚሠራ ሁሉ ለእድሩ መዝገብ፣ ለማኅበሩ መተዳደሪያ፣ በአንድ ሒሳብ ሹም ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ለሚኖር የመሥሪያ ቤት አሠራርም ይሠራል። ቅጂው የዋናው ዕጣ የማይደርስበት ቦታ ይደር፤ ቁልፉ ከቅጂው ተለይቶ በወረቀት ይጻፍ፤ የለወጠው ሁሉ ስሙን ይተው። የሄደ ቅጂ ደግሞ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ የቁራ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ዛሬ “ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ” አልላችሁም፤ አንድ ባዶ ማሽን ፈልጉና መጀመሪያ ቅጂያችሁን መልሱ።